ሰባት ሲደመር ስምንት

ቀኑን ሙሉ ወገባችሁን ሳታሳርፉ ውላችሁ፣ አመሻሽ ላይ አንድ ሰው «ዛሬ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ መልሱ ጠፍቶባችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። የእኔ ጥያቄ ግን ስለ አንድ ቀን አልነበረም፤ ስለ ስምንት ዓመት ነበር።

«ስምንት ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር?» አሉኝ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር፣ ማመልከቻዬን በመነጽራቸው ሥር እያዩ።

«ልጆች ሳሳድግ ነበር።»

«እሱንማ ሁላችንም አሳድገናል። እኔ የጠየቅኩሽ ስለ ሥራ ነው።»

ልጅ ማሳደግ ሥራ ነው ብዬ ልከራከራቸው እችል ነበር፤ ግን እሳቸውም አራት ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ ለማን ነው የማስረዳው?

ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ። ከመምህራን ኮሌጅ የወጣሁት በሃያ ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ዓመት ሁለተኛ ክፍል አስተማርኩ። ከዚያ አገባሁ፣ አረገዝኩ፣ ባለቤቴ ካይሮ ሥራ አግኝቶ ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት። «ልጅቷ ትንሽ ከፍ ስትል እመለሳለሁ» አልኩ። ልጅቷ ከፍ ስትል ወንዱ ተወለደ። «እሱ መራመድ ሲጀምር» አልኩ። መራመድ ሲጀምር ደግሞ ከእሱ ኋላ ስሮጥ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ዓመት ሞላ። ሠላሳ ዓመቴ ነው፤ ወጣት ነሽ ይሉኛል። ጠዋት ጠዋት ግን አይመስለኝም።

አሁን መሥራት የግድ ሆነ። ባለቤቴ የሚሠራበት መጋዘን ሠራተኛ ቀንሶ እሱን ለግማሽ ቀን ብቻ አስቀረው። እኛ ያለንበት አርድ ኤል ሊዋ ሰፈር ውስጥ ለሐበሻ ሴት ያለው ሥራ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ሰው ቤት መግባት። ሥራውን አልንቅም። ሰው ቤት የሚሠሩ ጎረቤቶቼ ከእኔ የበረቱ ሴቶች ናቸው። ግን አብዛኛው ሥራ አዳር ነው። ሐሙስ ማታ ወጥቶ ቅዳሜ ጠዋት መመለስ ነው፤ ልጅን በሳምንት አንድ ቀን ማየት ማለት ነው። ከጎረቤት እንዲያውም «ማዳሟ ጥሩ ናት፣ እሑድ ግቢ ትልሻለች» የሚል ጥሪ መጥቶልኝ ነበር። ያቺን ማዳም «ትንሽ ጠብቁኝ» ብያት ነው ወደ ትምህርት ቤቱ የሄድኩት። ስለዚህ ዳይሬክተሯ ፊት የተቀመጥኩት ለአንድ ነገር ነበር፤ ማታ ማታ ልጆቼ ያሉበት ቤት ለመግባት።

«ሁለት ሳምንት እንይሽ» አሉ በመጨረሻ። «ሌላም አንዲት ልጅ አመልክታለች፤ ገና ከአገር የመጣች፣ ዲግሪ ያላት፣ ልጅ የሌላት። አልደብቅሽም። በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ክፍልሽ ገብቼ ኋላ እቀመጣለሁ። ሐሙስ መልሴን እነግርሻለሁ።»

እዚህ አገር የትምህርት ሳምንት ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው። ትምህርት ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳታስቡ። ኦልድ ካይሮ ውስጥ፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ መኖሪያ ቤት ነው። ሳሎኑ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ትልቁ መኝታ ቤት ሦስተኛ ክፍል፣ ትንሹ አንደኛ ክፍል፣ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ የሕፃናት። የእኔ ሴት ልጅ እዚያው ሦስተኛ ክፍል ትማራለች። ወንዱ አራት ዓመቱ ነውና ከሕፃናቱ ጋር ገባ። ሦስታችንም አብረን ሄደን አብረን እንመለሳለን ማለት ነው።

መሄዱ ራሱ አንድ ሥራ ነው። ከቤት እስከ ዋናው መንገድ ቱክቱክ፣ ከዚያ ሚክሮባስ፣ ከዚያ ሜትሮ፣ መሀል ላይ ወርዶ ሌላ መስመር መቀየር። ሚክሮባስ ውስጥ ወንዱ ጭኔ ላይ፣ ቦርሳው ከእሱ ላይ፣ የልጅቷ ቦርሳ ከሱም ላይ። ሜትሮ ስንገባ የሴቶቹ ፉርጎ ውስጥ እንሳፈራለን፤ እዚያ ቢያንስ አንዷ እናት ተነስታ ቦታ ትለቅልኛለች። አንዷ እንዲያውም ልጄን ከእቅፌ ወስዳ ጭኗ ላይ አድርጋ ሦስት ጣቢያ ስታጫውተው ሄደች፤ እኔ ቆሜ አንቀላፋሁ።

በመጀመሪያው ቀን ሜትሮ ውስጥ ሴት ልጄን አጥብቄ አስጠነቀቅኳት።

«እዚያ እማዬ አይደለሁም። ቲቸር ነኝ። እንደ ሌሎቹ ልጆች ነው የምትጠሪኝ፤ ቤት እንደምትይው «ልክ አይደለሽም» ምናምን የለም። ገባሽ?»

«ለምን?»

«ለምን የለም! ይኸው እሱን ነው የምልሽ።»

«እሺ» አለች፤ ጣቢያዎቹን መቁጠር ቀጠለች።

ይህች ልጅ ቤት ውስጥ የእኔ ተቆጣጣሪ ናት። ጨው ሁለቴ ጨመርሽ፣ ያ ልብስ የወንድሜ ነው፣ ያልሽው ቀን ማክሰኞ ነው እንጂ ረቡዕ አይደለም። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሬ ሳይቋረጥ የጨረስኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ለዚህ ነው ክፍል ስገባ የደነገጥኩት። ሃያ ስድስት ልጆች በአንድ ጊዜ ተነስተው «እንደምን አደሩ ቲቸር!» አሉ። ተቀመጡ ስላቸው ተቀመጡ። ከዚያ ዝም። መናገር ጀመርኩ። በየሦስተኛው ቃል ላይ ቆም እላለሁ፤ ለምን እንደምቆም አላወቅኩም። ለካ የሚያቋርጠኝ ሰው እየጠበቅኩ ነው። የሚያቋርጠኝ አልነበረም።

ዕቅድ ማውጣት እወዳለሁ። ኮሌጅ እንዳስተማሩኝ ወረቀቱን በመስመር እከፍለዋለሁ፤ ደቂቃ፣ ይዘት፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ ምዘና። አምስት ደቂቃ ያለፈውን መከለስ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ማስረዳት፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ማስረዳት ደግሞ የኔ ደስታ ነው። አንድን ነገር በሦስት መንገድ አስረዳለሁ፣ ከዚያ «ገባችሁ?» እላለሁ።

«አዎ ቲቸር!»

ይህችን ድምፅ እናንተም ታውቋታላችሁ። ሁላችንም በእሷ ነው ያደግነው። ሃያ ስድስት አፍ በአንድነት «አዎ» ሲል ሰውነቴ ላይ ውሃ የፈሰሰብኝ ያህል ይቀለኝ ነበር። ቤት ውስጥ «ለምን?» የምትል አንዲት ልጅ አለችኝ፤ እዚህ «አዎ» የሚሉ ሃያ ስድስት። ተመለስኩ፣ ሙያዬ አልጠፋም አልኩ።

ከልጆቹ ግማሹ እዚሁ ካይሮ የተወለዱ ናቸው። በእረፍት ሰዓት ኮሪደሩ ላይ የሚጮሁት በአረብኛ ነው፤ ሲረሱ «ሚስ» ይሉኛል፤ ሲያስታውሱ «ቲቸር»። ከሁሉም ዓይኔ የገባችው ፊት ለፊት የምትቀመጥ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ የአዳር ሠራተኛ ናት። ልጅቷ ሳምንቱን የምታሳልፈው ከእናቷ ጓደኞች ጋር፣ በጋራ በተከራዩት ቤት ነው። ጽሑፏ እንደ ማተሚያ ፊደል ነው፤ ድምፅዋን ግን ክፍል ውስጥ ሰምቼው አላውቅም። እርሳሷን ቀርጻ ቀርጻ ቁራጯን በሁለት ጣት ይዛ ትጽፋለች።

አሁን ወደ ረቡዕ ልምጣ፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ረቡዕ።

ከዋዜማው ጀምሮ ወንዱ ልጅ አተኩሶት ነበር፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም። ጠዋት ሲቀለው ይዤው መጣሁ፤ የት እተወዋለሁ? የዕለቱ ትምህርት አሥር እየሞሉ መደመር ነበር። ዘዴው ቀላል ነው። ሰባት ሲደመር ስምንት ካላችሁ፣ ሰባቱ አሥር እንዲሆን ከስምንቱ ሦስት ትሰጡታላችሁ። አሥር ሆነ። ከስምንቱ የቀረው አምስት ነው። አሥርና አምስት፣ አሥራ አምስት። ይህንን በሦስት መንገድ አስረዳሁ፤ በቁጥር፣ በሥዕል፣ በጣት። እንደ ቅቤ የለሰለሰ ማብራሪያ ነበር።

ከዚያ ዞሬ ሰሌዳው ላይ 7 + 8 = 16 ብዬ ጻፍኩ።

ቀጣዩ ምሳሌ ስምንትና ስምንት ነበር፤ ዓይኔ ዕቅዱ ላይ አንድ መስመር ዘልሎ ይሆናል። ወይም አልተኛሁም፣ በቃ። ምክንያቱን ሳስስ ብውል ጽሑፉን አይለውጠውም። ክፍለ ጊዜው አልቆ ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡም ሰሌዳው ላይ ነበር።

«ገባችሁ?»

«አዎ ቲቸር!»

አሥር ጥያቄ ሰጠኋቸው። ሰባት ሲደመር ስምንት፣ አሥራ ሰባት ሲደመር ስምንት፣ ሃያ ሰባት ሲደመር ስምንት እያለ የሚሄድ፤ አንዱ በአንዱ ላይ የተሠራ። ደብተሮቹን ሰብስቤ ወደ ቤት ስንመለስ ሜትሮ ውስጥ አረምኳቸው፤ ወንዱ ልጅ ጭኔ ላይ ተኝቶ፣ ደብተሮቹን ጀርባው ላይ እያስደገፍኩ። መምህር ከማረሙ በፊት መልሱን ራሱ ሠርቶ መያዝ አለበት። ኮሌጅ የተማርነው የመጀመሪያ ነገር ነው። እኔ ግን የዚያችን ጽሑፈ መልካም ልጅ ደብተር አወጣሁና «የሷ መቼም ልክ ነው» ብዬ በሷ መልስ የሌሎቹን አረምኩ። የሷ መልስ ከሰሌዳው የመጣ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር። ሃያ ስድስት ደብተር፣ ከላይ እስከ ታች ራይት፣ ራይት፣ ራይት። እንዴት ያለ ክፍል ነው፣ አልኩ።

አርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን የምንገናኘው ያኔ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ለልጆቼ ጫማ ሳደርግላቸው አንዲት ቀጭን ሴት ነጠላዋን እያስተካከለች መጣች። ያቺን ጽሑፈ መልካም ልጅ በእጇ ይዛለች።

«ቲቸር፣ እንኳን አደረስዎት። የዚህች እናት ነኝ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ምነው አንቱ አልሽኝ፣ እኩያሽ ነኝ እኮ።»

«አይ፣ አስተማሪ አስተማሪ ነው።» ከፌስታል ውስጥ ደብተር አወጣች። «ሁሉም ራይት ነው። ትናንት ማታ ሳየው እንዴት ደስ እንዳለኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አይቀየሙኝም?»

«ምን ያስቀይመኛል!»

«እኔ ያቋረጥኩት አራተኛ ክፍል ነው፣ ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ተምሬያለሁ አልልም። በእኛ ጊዜ ሰባትና ስምንት አሥራ አምስት ነበር። በጣቴ ቆጠርኩት፣ በባቄላም ቆጠርኩት። የቤት ጓደኛዬ ስልክ ላይም መታችው። አሥራ አምስት ይላል። ከዚያ፣ በአዲሱ ትምህርት ተቀይሮ ከሆነ ብዬ ነው። ብዙ ነገር ተቀይሯል ይባላል።»

ደብተሩን ተቀበልኳት። 16። አጠገቡ የእኔ ቀይ ራይት። ከ6ቱ ሥር ግን ወረቀቱ ሳስቷል፤ በላጲስ የተፋቀ 5 በደንብ ይታያል። ወደ ታች ወረድኩ። 25 ተፍቆ 26፤ 35 ተፍቆ 36። ልጅቷ ልክ ሠርታ ነበር። ቀና ብላ ሰሌዳውን ስታይ ነው ያጠፋችው።

እዚያ ላይ ማለት የነበረብኝ አንድ ቃል ነው፤ «ተሳስቻለሁ።» ግን ዳይሬክተሯ ከእኛ ሃያ እርምጃ ርቀው ከሰዎች ጋር ቆመዋል። እሑድ ክፍሌ ይገባሉ። ያቺ ማዳም እየጠበቀችኝ ነው።

«የመገልበጥ ስህተት ይሆናል» አልኩ። «እሑድ አየዋለሁ።»

እናትየዋ ተንፈስ አለች። «እኔም ብያለሁ! አንቺ፣ አጥርተሽ ገልብጪ ብዬሽ አልነበር?» ብላ አናቷን በኩርኩም መታ አደረገቻት። ልጅቷ አላለቀሰችም። እኔን አየችኝ፤ ከዚያ መሬት አየች።

የልጅቷን አስተያየት ይዤ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ልብስ ሳጥብ ሴት ልጄ ካልሲ ታቀብለኝ ነበር። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ሰባትና ስምንት ስንት ነው?»

«አሥራ አምስት። አንቺ ግን ሰሌዳ ላይ አሥራ ስድስት ብለሽ ጽፈሻል።»

እጄ ውሃው ውስጥ ቀረ። «አይተሻል?»

«በእረፍት ሰዓት በበሩ አየሁት። ከዚያ ለክፍልሽ ልጆች ነገርኳቸው። ብዙዎቹም አውቀዋል።»

«እና ምን አሉ?»

«ሚስ ከጻፈችው ኸላስ፣ በቃ ነው አሉ።»

«አንቺስ? አንቺ እንኳ እንዴት አትነግሪኝም? ወጥ ላይ ጨው ስጨምር ሳይቀር የምትቆጪኝ ልጅ!»

ገረማት። እንደ ትልቅ ሰው ነው ያየችኝ። «እዚያ እማዬ አይደለሁም፣ «ልክ አይደለሽም» እንዳትይኝ ብለሽ የለም እንዴ?»

ልብሱን ጨምቄ አሰጣሁ። ከዚያ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቁጭ ብዬ መደበቂያ ዕቅድ አወጣሁ። እንደ ልማዴ በመስመር ከፍዬ። አንደኛ፣ እሑድ ስለ መቀነስ አስተምራለሁ፤ መደመር የሚባል ነገር ዳይሬክተሯ ፊት አይነሳም። ሁለተኛ፣ ሰኞ «ደብተር ላይ ሽፋን እናደርጋለን» ብዬ ደብተሮቹን እሰበስባለሁ። ሦስተኛ፣ ቤት ወስጄ 6ቱን ሁሉ 5 አደርገዋለሁ። ንጹሕ ዕቅድ ነበር። ምዘና ለሚለው ግን የሚጻፍ ነገር አጣሁ።

እሑድ ጠዋት ዳይሬክተሯ ወንበራቸውን ይዘው ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ልጆቹ ሰላምታ ሰጥተው ሲቀመጡ ያቺ ልጅ ብቻ ቆማ ቀረች። ወደ ጠረጴዛዬ መጥታ ደብተሯን ከፈተችልኝና በሹክሹክታ፣

«ቲቸር፣ የቱን ልያዝ?» አለች።

አሥሩንም ጥያቄ እንደ አዲስ ሁለት ጊዜ ገልብጣቸዋለች፤ በግራ ገጽ አንድ፣ በቀኝ ገጽ አንድ። በግራ 15፣ 25፣ 35። በቀኝ 16፣ 26፣ 36። ሁለቱም ላይ አንዲት ስርዝ የለም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ይሄኛው የማማ ነው» አለች በግራው ላይ ጣቷን አድርጋ። «ይሄኛው የሚስ።»

ኋላ የተቀመጡት ሴትዮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የመቀነስ ዕቅዴን ገለበጥኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳው ላይ 7 + 8 = 16 ብዬ ጻፍኩ። በዚህኛው ጊዜ እያወቅኩ።

«ልጆች፣ ይህ ልክ ነው?»

«አዎ ቲቸር!»

«አይደለም» አልኩ። «ልክ አይደለም። ረቡዕ ዕለት እኔ ተሳስቻለሁ። እናንተ አልተሳሳታችሁም፤ አገለባበጣችሁም ልክ ነበር። ስህተቱ የእኔ ነው። ራይት ያደረግኩትም እኔ ነኝ።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞርኩ። «የእናትሽን ያዢ።»

ልጆቹ ለእኔ ፈሩልኝ፤ አሁን ዳይሬክተሯ የሚቆጡኝ መስሏቸው ሁሉም ወደ ኋላ ዞረው ያያሉ። ሰባት ልጆች በመስኮቱ በኩል፣ ስምንት ልጆች በበሩ በኩል አቆምኩ። ከስምንቱ ሦስቱ ወደ ሰባቱ ተሻገሩ። ወንበር ላይ ያሉት ልጆች ቆጠሯቸው፤ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በአረብኛ። አሥራ አምስት። ድጋሚ ቆጠሯቸው፤ አሥራ አምስት።

«አሁን» አልኩ፣ «አሥር ጥያቄ ከነመልሱ እጽፋለሁ። አንዱ ስህተት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚያገኝ ይነሳና «ተሳስተዋል» ይበለኝ።»

ጻፍኩ። ማንም አልተነሳም። የሚያውቁት እንደሚያውቁ ፊታቸው ላይ ይታያል፤ ግን ለመምህር «ተሳስተዋል» የሚል አፍ ከየት ይምጣ? ጠበቅኩ። ቤት ቢሆን እስካሁን አሥር ጊዜ በተቋረጥኩ ነበር። በመጨረሻ ከጥግ በኩል አንድ ቀጭን ድምፅ፣ «ላእ» አለ፤ በአረብኛ አይደለም ማለት ነው። «አራተኛው ላእ።»

«አራተኛው ምኑ?»

«ልክ አይደለም ሚስ። ሃያ ሦስት ነው።»

«ልክ ነሽ፣ ተሳስቻለሁ።»

ከዚያ በኋላ ክፍሉ የእኔ አልነበረም። ሌላ አሥር አስጻፉኝ። «ላእ! ላእ! ሰባተኛው!» እያሉ ወንበር ላይ ይወጣሉ። ያቺ ሁለት ገጽ የገለበጠችው ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣችና ተነሳች።

«ቲቸር፣ ከላይ ያለውም ስህተት ነው።»

«የቱ ከላይ?»

«ቀኑ። እሑድ ነው ዛሬ፤ እርስዎ ቅዳሜ ብለው ነው የጻፉት።»

ሰሌዳውን አየሁት። ቅዳሜ ይላል። እሱን እያወቅኩ አልጻፍኩትም።

ልጆቹ ሲወጡ ዳይሬክተሯ ወንበራቸው ላይ ቀሩ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ይህ ነገር በዕቅድሽ ላይ የለም።»

«የለም፣ እትዬ።»

«ጫጫታውን ታች ያለው ባለ ሱቅ ሳይሰማው አልቀረም። ደግሞ ወላጅ ሲሰማስ? ልጆቼን የምትሳሳት አስተማሪ ታስተምራቸዋለች ቢሉኝ ምን ልበል?»

«የሰማች ወላጅ አለች» አልኩና የአርቡን ሁሉ ነገርኳቸው። ሜትሮ ውስጥ ማረሜን፣ በልጅቷ ደብተር ማረሜን፣ «የመገልበጥ ስህተት ነው» ማለቴን፣ ኩርኩሙን። ስጨርስ ሥራው እንደሄደ እርግጠኛ ነበርኩ። ለማዳሟ ምን ብዬ እንደምደውል እያሰብኩ ነበር።

«ለእናትየዋ ነግረሻታል?»

«ገና ነኝ።»

«በይ እሱን መጀመሪያ» አሉና ተነስተው ወጡ።

እናትየዋ ሥራ ላይ ስልክ አታነሳም፤ ድምፅ ቀርጼ ላክሁላት። መልሷ ከሰዓት በኋላ ሜትሮ ውስጥ ደረሰኝ። ከኋላዋ የዕቃ ድምፅ ይሰማል። «ቲቸር፣ ምን ሆነው ነው የሚጨነቁት! ማሌሽ፣ ምንም አይደለም፣ ሰው ይሳሳታል። እኔስ ያን ሐሙስ ሌሊቱን ራሴን ስጠራጠር አደርኩ፣ ከረሳሁት ዕድሜዬ ሄዷል ማለት ነው እያልኩ። ግን ቲቸር፣ ያቺን ልጅ ያለጥፋቷ መትቻታለሁ። ይቅርታ በሉልኝ። እኔ እስከ ሐሙስ ማታ አላገኛትም።»

መልእክቱን ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ልጄ «ለምንድን ነው የምታለቅሺው?» አለች፤ «ደክሞኝ ነው» አልኳት። ውሸት አልነበረም። በማግስቱ ልጅቷን ጠርቼ በእናቷም በራሴም ስም ይቅርታ ጠየቅኳት። ራሷን ነቀነቀችና «እሺ» አለች፤ ሮጣ ወደ ጨዋታዋ ሄደች።

ሐሙስ ዳይሬክተሯ ቢሮ አስጠሩኝ። ቢሮ የምንለው በረንዳውን ነው።

«ሁለተኛ ክፍልን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያዢ» አሉኝ። «ስለተናዘዝሽ አይደለም። ያቺ እጇን ያወጣችው ልጅ እዚህ ከገባች ስትናገር የሰማኋት ያን ቀን ነው። ግን ደብተር ሜትሮ ውስጥ አይታረምም። ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት እዚሁ ቁጭ ብለሽ ታርሚያለሽ። መልሱን ራስሽ ሠርተሽ።»

ደስ አለኝ ብቻ ብል ውሸት ነው። መጀመሪያ ወደ ሐሳቤ የመጣው ያቺ አንድ ሰዓት ናት። ሚክሮባሱ የሚጨናነቅበት ሰዓት ላይ ልታወጣን ነው። ቀጥሎ ያቺ ዲግሪ ያላት፣ ፊቷን አይቼ የማላውቃት ልጅ መጣችብኝ፤ እሷንስ አሁን የትኛዋ ማዳም ትጠብቃታለች? ከዚያ በኋላ ነው፣ ደረጃው ላይ ስወርድ፣ ዛሬም ነገም ልጆቼ የሚተኙበት ቤት እንደምተኛ የገባኝና መደገፊያውን ይዤ የቆምኩት።

ይኸው ሦስተኛ ወር ይዣለሁ። ድካሙ አልቀነሰም፤ ቦታውን ብቻ ቀየረ። በየቀኑ ሰሌዳው ላይ አንድ ስህተት አስቀምጣለሁ፤ በየሳምንቱ ደግሞ ያላስቀመጥኩት አንድ ይገኛል። ሴት ልጄም ከሦስተኛ ክፍል በር ላይ ቆማ «ቲቸር፣ ልክ አይደሉም» ማለት ተፈቅዶላታል፤ አንቱ እስካለችኝ ድረስ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለልጃችሁ፣ ለተማሪያችሁ ወይም ለታናሽ እህታችሁ የሆነ ነገር ስታስረዱ፣ ስትጨርሱ «ገባሽ?» አትበሏት፤ «አዎ» ነው የምትላችሁ። በዚያ ፈንታ እያወቃችሁ አንድ ቦታ ተሳሳቱና «የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» በሏት። መጀመሪያ ዝም ትላለች። አትቸኩሉ፤ ፈታችሁ አትንገሯት። ትናንሽ ድምፆች ለመውጣት ጊዜ ይወስዳሉ። ጊዜው ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ሲጠብቁት ግን ይረዝማል። ዕቃ እያጠባችሁም ቢሆን፣ እንደ ደከማችሁም ቢሆን፣ ዛሬ አንድ ጊዜ ሞክሩት።